ተከላካይ ሆኖ የተወለደ የለም
ሊሊያን ቱራም በሜዳና ከሜዳ ውጭ

በየትምህርት ቤታችን ሜዳ በዕረፍት ሰዓት ቡድን ሲከፈል የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ሁለት አለቆች ይቆማሉ፤ ሯጩና ኳስ የሚያንቀረቅበው ልጅ አጥቂ ይሆናል፤ ደከም ያለ የመሰላቸውን ወደ ኋላ ይሰዱታል፤ ከሁሉም የቀረውን በረኛ ያደርጉታል። ልጁ አንድ ጊዜ «አንተ ኋላ ቁም» ከተባለ ያች ቦታ ለዓመቱ የእሱ ሆና ትቀራለች። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውሎ ሲያድር ልጁ ራሱ «ተፈጥሮዬ ይኸው ነው» ብሎ ያምናል።

ስለ እግር ኳስ የሚጽፉ ሰዎችም ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቁም። ግብ ያስቆጠረው ተጫዋች ስሙ በየጋዜጣው ሲወሳ፣ ግብ እንዳይገባ ያደረገው ግን ከጨዋታው ማግስት ይረሳል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ከሚረሱት ወገን ስለ ሆነ አንድ ተከላካይ ለመጻፍ ተነሥተናል። ሰውየው ፈረንሳዊው ሊሊያን ቱራም ነው። ስለ እሱ ለመጻፍ የፈለግነው ዋንጫ ስለ በዛለት ብቻ አይደለም። በአንድ የጨዋታ ዘመን ውስጥ በተለያዩ የመከላከያ ቦታዎች ተሰልፎ በሁሉም የታመነ በመሆኑና፣ ጫማውን ከሰቀለም በኋላ ወደ መማሪያ ክፍል የሚያደርስ ሌላ ሥራ በመጀመሩ ነው። የጽሑፋችን ፍሬ ነገርም በአጭሩ ይኸው ነው፤ ሰው ለአንድ ቦታ ተፈጥሮ አይወለድም፤ ቦታውን ይማረዋል፣ ወይም ሌሎች ያስተምሩታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ከሸንኮራ አገዳው ደሴት

ቱራም ጃንዋሪ 1 ቀን 1972 በጓድሉፕ ተወለደ። ጓድሉፕ በካሪቢያን ባሕር የምትገኝ፣ በፈረንሳይ ሥር የምትተዳደር የደሴቶች ስብስብ ናት። ከ17ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ ፈረንሳውያን በዚያ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲያስፋፉ፣ እርሻው የለማው ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው በተወሰዱ ባሮች ጉልበት ነበር። በ1685 በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን የወጣውና «ጥቁሩ ሕግ» እየተባለ የሚታወቀው ድንጋጌ ባሪያውን እንደ ንብረት ቈጠረው። የፈረንሳይ አብዮት በ1794 ባርነትን ቢሽርም ናፖሊዮን በ1802 መልሶ አጸናው። ባርነት ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1848 ነው። በ1946 ደግሞ ጓድሉፕ እንደ አንድ የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር እንድትቈጠር ተወሰነ። ሕዝቧ በሕግ ፊት ፈረንሳዊ ዜጋ ነበር፤ በቂ ሥራ ግን በደሴቲቱ አልነበረም።

በዚህም ምክንያት በ20ኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከእነዚህ ደሴቶች ብዙ ሰው ወደ ዋናው አገር ፈለሰ። በ1963 የፈረንሳይ መንግሥት ይህንኑ ፍልሰት የሚያካሂድ መሥሪያ ቤት እስከ ማቋቋም ደርሶ ነበር። ተጓዦቹ በፓሪስና በአካባቢዋ በሆስፒታል፣ በፖስታ ቤትና በጽዳት ሥራ ይቀጠሩ ነበር። የቱራም እናትም አምስት ልጆችን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ነበሩና ሥራ ፍለጋ ቀድመው ተሻገሩ። በጽዳት ሥራ ከተቀጠሩ በኋላ በ1981 ልጆቻቸውን ወደ ፓሪስ አካባቢ አመጧቸው።

ያን ጊዜ ሊሊያን 9 ዓመቱ ነበር። እሱ ራሱ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ «ጥቁር» መሆኑን ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። በደሴቲቱ ሳለ ልጅ ነበር፤ የቆዳው ቀለም የስሙ ቅጥያ አልነበረም። አዲሱ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን አንዳንድ የክፍል ጓደኞቹ በቴሌቪዥን ትታይ በነበረች የአንዲት ጥቁር ላም ስም ይጠሩት ጀመር። በእሱ ትዝታ በዚያ የሥዕል ፊልም ጥቁሯ ላም ሞኝ፣ ነጯ ላም ብልህ ነበረች። ቤት ገብቶ ለምን እንዲህ እንደሚሉት እናቱን ቢጠይቅ፣ ነገሩ እንዲሁ እንደ ሆነ፣ ሰዎች ዘረኞች መሆናቸውንና ይህም እንደማይለወጥ ነገሩት። የደከመች እናት መልስ ነው፤ እኛም አንነቅፋቸውም። ልጁን ግን አላረካውም። ነገሩ መጀመሪያ ካለው፣ መጀመሪያውን ለማወቅ ይፈልግ ነበር። ይህን ጥያቄ ይዞ ነው ወደ ሜዳ የገባው።

ሁለት ቦታ፣ ሁለት ሙያ

ቱራም የመጀመሪያ ጨዋታውን የተማረው በፎንቴንብሎ ከተማ፣ በፖርቱጋል ስደተኞች ስም በሚጠራ የሰፈር ክለብ ነው። በወጣትነቱ ይሰለፍ የነበረው በአማካይ ቦታ እንጂ በተከላካይነት አልነበረም። ከዚያ ወደ ሞናኮ ክለብ ተወሰደ። የሞናኮ አሰልጣኝ በዚያን ጊዜ አርሰን ቬንገር ነበሩ። በ1991 በፈረንሳይ አንደኛ ዲቪዚዮን መጫወት ጀመረ፤ ሞናኮም በዚያው ዓመት የፈረንሳይን ዋንጫ ወሰደ። በሞናኮ በቆየባቸው ዓመታት አማካዩ ልጅ ተከላካይ ሆነ። ኦገስት 17 ቀን 1994 ደግሞ ከቼክ ሪፑብሊክ ጋር በተደረገው ጨዋታ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። በዚያው ምሽት ዚነዲን ዚዳንም የመጀመሪያውን የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ አድርጓል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። «ተከላካይ» ስንል አንድ ሥራ የምንናገር ይመስለናል፤ ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ሙያዎች ናቸው።

የቀኝ ተመላላሽን እንውሰድ። ይህ ተጫዋች በስተቀኙ የሜዳው መስመር አለለት። መስመሩ አይናገርም፣ አይሮጥም፤ ሆኖም እንደ አንድ ጓደኛ ያግዘዋል፤ ምክንያቱም ተጋጣሚው በዚያ በኩል ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ተመላላሹ አጥቂውን ወደ መስመሩ እየገፋ መውጫ ያሳጣዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ወደ ፊት መውጣት፣ ኳስ ሲነጠቅ ሮጦ መመለስ አለበት። «ተመላላሽ» የሚለው ቃላችንም ይህንኑ ድካም በሚገባ ይገልጻል።

የመሐል ተከላካይ ግን የሚደገፍበት መስመር የለውም። አደጋው ከግራም ከቀኝም ይመጣል፤ ከአየር ላይም ይወርዳል። ብዙ አይሮጥም ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ማየት አለበት። ጓደኞቹን እየተጣራ አንድ ላይ ማራመድና አንድ ላይ መመለስ የእሱ ተግባር ነው። የተመላላሽ ስሕተት ብዙ ጊዜ ከኋላው ባለው ሰው ይታረማል፤ ከመሐል ተከላካይ ኋላ ያለው ግን በረኛው ብቻ ነው።

መከላከያው በሦስት ሰው ሲቆም ደግሞ ሌላ ትምህርት ይመጣል። በዳር በኩል ያለው ሦስተኛው ሰው የመሐል ተከላካይም የተመላላሽም ጠባይ ሊኖረው ይገባል። መቼ ወደ መስመሩ እንደሚወጣ፣ መቼ ከመሐል እንደማይነቃነቅ በየደቂቃው መወሰን ይኖርበታል።

ቱራም እነዚህን ሁሉ ተምሯል። «ተምሯል» የምንለው ሆን ብለን ነው። ጕልበትና ፍጥነት እንደ ነበረው አይካድም፤ ዳሩ ግን ጕልበት ብቻ ሰውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው አያሻግርም። በእያንዳንዱ ቦታ ዐይን የሚያርፍበት፣ እግር የሚቆምበት፣ አፍ የሚናገረው ነገር ይለያያል። ይህን በየጊዜው እንደ አዲስ ተማሪ ቁጭ ብሎ መማር ያስፈልጋል።

በኢጣልያ ሜዳዎች

በ1996 ቱራም ወደ ኢጣልያው ክለብ ወደ ፓርማ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ የኢጣልያ ሊግ በመከላከል ጥበብ ከሁሉ የላቀ ይባል ነበር፤ ለተከላካይ ከዚያ የበለጠ ትምህርት ቤት አልነበረም። አሰልጣኙ ካርሎ አንቼሎቲ ነበሩ። ፓርማ በ1996–97 የውድድር ዘመን ከጁቬንቱስ በሁለት ነጥብ ብቻ አንሶ ሁለተኛ ሆነ። ቱራም በብሔራዊ ቡድን በቀኝ ተመላላሽነት ሲሰለፍ በፓርማ ብዙውን ጊዜ በመሐል ይጫወት ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የተለያየ ሥራ መሥራት ማለት ነው።

ሜይ 12 ቀን 1999 ፓርማ በሞስኮ የማርሴይን ቡድን 3 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ማኅበራት ዋንጫን ሲወስድ በረኛው ጂያንሉዊጂ ቡፎን ነበር። ከፊቱ የቆሙት ሦስቱ ተከላካዮች ቱራም፣ አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ሴንሲኒና ፋቢዮ ካናቫሮ ነበሩ። በዚያው ዓመት ፓርማ የኢጣልያን ዋንጫም ወስዷል።

በ2001 ቱራምና ቡፎን ሁለቱም በከፍተኛ ዋጋ ወደ ጁቬንቱስ ተዛወሩ። ጁቬንቱስ በ2002 እና በ2003 የኢጣልያ ሻምፒዮን ሆነ። በ2003 በማንቸስተር በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ ግን በፍጹም ቅጣት ምት በሚላን ተሸነፈ። ቱራም በጁቬንቱስ የመጀመሪያ ዓመታት በቀኝ መስመር ብዙ ተጫውቷል፤ ካናቫሮ በ2004 ወደ ክለቡ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሁለቱ የቀድሞ ጓዶች በመሐል ጎን ለጎን ቆሙ። በ2005 እና በ2006 የተገኙት የሻምፒዮንነት ማዕረጎች ግን የክለቡ ኃላፊዎች በዳኞች አመዳደብ ጣልቃ ገብተዋል ተብሎ በተሰጠው ውሳኔ ተነጠቁ። ክለቡም ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አልነበረም፤ ማዕረጉ ግን ከእነሱም ስም ላይ ተፋቀ።

ጁላይ 8 ቀን 1998

አሁን ወደ ኋላ ተመልሰን ስለ አንድ ምሽት እንናገር። የ1998 የዓለም ዋንጫ የተዘጋጀው በፈረንሳይ ነበር። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ኤሜ ዣኬ ከበረኛው ከፋቢያን ባርቴዝ ፊት አራት ሰዎችን አቆሙ፤ በቀኝ ቱራም፣ በመሐል ማርሴል ዴሳዪና ሎራን ብላን፣ በግራ ቢሴንቴ ሊዛራዙ። እነዚህ አራቱ አብረው ተሰልፈው በጀመሩባቸው ጨዋታዎች ፈረንሳይ አንድም ጊዜ አልተሸነፈችም። በዚያ የዓለም ዋንጫ በሰባት ጨዋታዎች የገባባት ግብ ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው ከዴንማርክ ጋር በፍጹም ቅጣት ምት፣ ሁለተኛው ከክሮኤሺያ ጋር።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ይህ ሁለተኛው ግብ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ሁለተኛው አጋማሽ ገና እንደ ተጀመረ የክሮኤሺያው አጥቂ ዳቮር ሹከር ከተከላካዮቹ ጀርባ አምልጦ ግብ አስቆጠረ። ሦስቱ የፈረንሳይ ተከላካዮች ወደ ፊት ወጥተው ሹከርን ኦፍሳይድ ሊያስቀሩት ነበር። አንዱ ግን ከእነሱ ኋላ ቀርቶ ነበር። ያ የቀረው ቱራም ነው። ስሕተቱ የእሱ ነበር፤ ይህንንም ሁሉም አይቷል።

ብዙ ተጫዋች ከእንዲህ ያለ ስሕተት በኋላ አንገቱን ደፍቶ ከቦታው ሳይነቃነቅ ይውላል። ቱራም ግን ወደ ፊት ወጣ። አንድ ደቂቃ ያህል እንኳ ሳያልፍ ከክሮኤሺያው አምበል ከዝቮኒሚር ቦባን እግር ሥር ኳሱን ነጠቀ፤ ከዩሪ ጆርካዬፍ ጋር ተቀባብሎ በክሮኤሺያ ግብ ላይ አስቆጠረ። 70ኛው ደቂቃ አካባቢ ደግሞ እንደገና ወደ ፊት ወጥቶ፣ በለመደው ቀኝ እግሩ ሳይሆን በግራው፣ ከሩቅ መትቶ ሁለተኛውን አገባ። ከዚያም ተንበርክኮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አንድ ከባድ ሒሳብ እንደሚያሰላ ሰው ቆየ። ብላን በቀይ ካርድ ቢወጣም ፈረንሳይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ጁላይ 12 ቀንም ብራዚልን 3 ለ 0 ረትታ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫን ወሰደች። ቱራም በውድድሩ ከታዩት ተጫዋቾች ሦስተኛው ምርጥ ተብሎ ተሸለመ፤ ከእሱ በላይ የተቀመጡት ሮናልዶና ያው ሹከር ነበሩ።

ቱራም ለፈረንሳይ 142 ጊዜ ተሰልፏል። በእነዚህ 142 ጨዋታዎች ያስቆጠረው ግብ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም የዚያን ምሽት። ይህ ለሒሳብ መምህር ጥሩ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። «የቀኝ ተመላላሽ ቦታው ኋላ ነው» የሚለውን ደንብ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቢቀበለው ኖሮ ስሕተቱን የሚያርምበት ዕድል ባልኖረው ነበር።

«ይህ ቡድን የእኛ አይደለም»

የዚያ ዋንጫ ትርጉም ከሜዳው ውጭም ይታይ ነበር። በ1996 በእንግሊዝ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ጊዜ የቀኝ ጽንፈኞች መሪ የነበሩት ዣን ማሪ ለ ፔን፣ ከውጭ አገር ተጫዋቾችን አምጥቶ የፈረንሳይ ቡድን ብሎ መጥራት ሰው ሠራሽ ነገር ነው ሲሉ ተናግረው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋንጫውን ያነሣው ቡድን ግን ከዚሁ ዓይነት ሰዎች የተሰባሰበ ነበር። ዴሳዪ የተወለደው በጋና፣ ፓትሪክ ቪዬራ በሴኔጋል ነው። የዚዳን ወላጆች ከአልጀሪያ የመጡ ናቸው። ክሪስቲያን ካሬምቤ ከኒው ካሌዶኒያ፣ ቱራም ከጓድሉፕ። በፓሪስ ጎዳናዎች የወጣው ሕዝብ ስለ ድብልቅ ቀለም አንድነት ጮኸ፤ ብዙዎችም ዘረኝነት በእግር ኳስ የተሸነፈ መሰላቸው።

አልተሸነፈም ነበር። ፈረንሳይ በ2000 በሮተርዳም ኢጣልያን 2 ለ 1 አሸንፋ የአውሮፓ ዋንጫን ደገመች። ኦክቶበር 6 ቀን 2001 ግን ፈረንሳይና አልጀሪያ፣ አልጀሪያ በ1962 ነጻ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋጠሙ፣ 76ኛው ደቂቃ ላይ ብዙ ወጣቶች ወደ ሜዳው ገብተው ጨዋታው ተቋረጠ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በፈረንሳይ ተወልደው «የእኛ አገር አይደላችሁም» ሲባሉ ያደጉ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። ሌሎች ተጫዋቾች ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄዱ ቱራም አንዱን ወጣት ይዞ የምትሠራውን ታውቃለህን በሚል ቁጣ ሲገሥጸው ታየ። ቁጣው የታላቅ ወንድም ቁጣ ነበር። ወጣቶቹ በዚያ ድርጊታቸው ጠላቶቻቸው ስለ እነሱ የሚሉትን እውነት ሊያስመስሉ መሆኑን ተረድቶ ነበርና።

በ2005 በፓሪስ ዳርቻ ሰፈሮች ሁለት ልጆች ከፖሊስ ሲሸሹ በኤሌክትሪክ ጣቢያ ውስጥ ከሞቱ በኋላ ለሳምንታት ሁከት ሆነ። የጊዜው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ኒኮላ ሳርኮዚ ስለ ሰፈሮቹ ወጣቶች የተጠቀሙበትን የንቀት ቃል ቱራም በአደባባይ ተቃወመ። እሱም በእንዲህ ያለ ሰፈር ማደጉንና ከቁጣው በስተጀርባ ያለው የሥራ ማጣትና መገለል መታየት እንዳለበት አስረዳ። በሴፕቴምበር 2006 ደግሞ በካሻን ከነበረ መጠለያቸው በፖሊስ የተባረሩ ስደተኞችን ከቪዬራ ጋር ሆኖ ፈረንሳይና ኢጣልያ በሚጫወቱበት ስታዲየም በእንግድነት ጋበዘ።

የእርጅና ቦታ

በሜዳው ግን ዕድሜ ማንንም አይምርም። በ2002 የዓለም ዋንጫ ፈረንሳይ በመክፈቻው ጨዋታ በሴኔጋል 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ አንድም ግብ ሳታገባ ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ በግሪክ ከተሸነፈች በኋላ ቱራም ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። በ2005 ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ማለፍ ሲቸግረው ከዚዳንና ከክሎድ ማኬሌሌ ጋር ተመልሶ መጣ።

በ2006 በጀርመን ሲሰለፍ 34 ዓመቱ ነበር። የቀኝ መስመሩን ለወጣቱ ለዊሊ ሳኞል ትቶ በመሐል ከዊልያም ጋላስ ጋር ቆመ። የመስመር ሩጫው ቢቀንስ ዐይኑ በስሎ ነበር። ፈረንሳይ በሰባት ጨዋታዎች የገባባት ሦስት ግብ ብቻ ነው። ፖርቱጋልን 1 ለ 0 ባሸነፈችበት ግማሽ ፍጻሜ የጨዋታው ምርጥ ተብሎ የተመረጠው ቱራም ነው። በፍጻሜው ግን ከኢጣልያ ጋር 1 ለ 1 ከተለያዩ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። የኢጣልያው አምበል የድሮ ጓዱ ካናቫሮ፣ በረኛውም ቡፎን ነበሩ።

ከዚያ ለሁለት ዓመት በባርሴሎና ተጫወተ። በ2008 ወደ ፓሪስ ሴን ዠርመን ሊዛወር ሲል በተደረገለት የሕክምና ምርመራ ልቡ ላይ እክል ተገኘ፤ በ36 ዓመቱም ጫማውን ሰቀለ። በ142 ጨዋታዎች የያዘው የፈረንሳይ ክብረ ወሰን እስከ ዲሴምበር 2022 ድረስ ጸንቶ ቆይቶ በበረኛው በኡጎ ሎሪስ ተሰብሯል።

ከሜዳ ወደ መማሪያ ክፍል

ብዙ ተጫዋቾች ጨዋታ ሲያቆሙ አሰልጣኝ ወይም ነጋዴ ይሆናሉ። ቱራም በዚያው በ2008 ዘረኝነትን በትምህርት የሚዋጋ አንድ ድርጅት በስሙ አቋቋመ። በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ከልጆች ጋር ይነጋገራል። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ማንም ዘረኛ ሆኖ አይወለድም፤ ሰው ዘረኛ የሚሆነው በመማር ነው። ከሆነስ፣ የተማሩትን መርሳት ይቻላል ማለት ነው።

ይህ የስብከት ቃል ብቻ እንዳይመስለን የታሪክ ማስረጃውን እንይ። በ1877 በፈረንሳይ አንድ የማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ፤ ሁለት ልጆች አገራቸውን ዞረው ሲያዩ የሚተርክ ነው። በሚሊዮን የሚቈጠር ቅጂ ተሸጦ ትውልድ አድጎበታል። በዚህ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የሰው ዘር በአራት ተከፍሎ፣ ነጩ ከሁሉ የተሟላ እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል። በ1931 ደግሞ በፓሪስ ስለ ቅኝ ግዛቶች ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲደረግ ከኒው ካሌዶኒያ የመጡ ሰዎች እንደ አራዊት ለተመልካች ቀርበው ነበር። ከእነዚህ አንዱ የካሬምቤ ቅድመ አያት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ልጅ በ1998 ለዚያችው አገር የዓለም ዋንጫ አነሣ። በ2011 በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ስለነዚህ ሰዎችን እንደ አውሬ ስለሚያሳዩ ትርኢቶች የተዘጋጀውን ኤግዚቢሽን በበላይነት የመራው ቱራም ነው። እንግዲህ የ9 ዓመቱ ልጅ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ነገሩ «እንዲሁ» አልነበረም፤ መምህር፣ መጽሐፍና የመግቢያ ትኬት ነበረው።

በ2010 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ታላላቅ ጥቁር ሰዎች ይናገራል። ቱራም እንደሚለው በትምህርት ቤት ስለ ጥቁር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በባርነት ምዕራፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ታሪክ ያልነበረው ይመስል። ስለዚህ መጽሐፉን ከባርነት አልጀመረውም። የጀመረው ከእኛው አገር ነው፤ በ1974 በአፋር ሐዳር ላይ ከተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካላት ከድንቅነሽ። ድንቅነሽ የጥቁር ወይም የነጭ እናት አይደለችም፤ ከዚህ ክፍፍል ሁሉ የቀደመች ናት። ክፍፍሉ ኋላ የመጣ መሆኑን ለልጅ ለማሳየት ከእሷ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁሉም ይስማማዋል ማለት አይደለም። በ2019 ለአንድ የኢጣልያ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ነጮች የበላይነት ስሜትን በባህላቸው ወርሰዋል የሚል ትርጉም ያለው ነገር በመናገሩ በፈረንሳይ ዘረኝነትን የሚታገሉ ሰዎች ሳይቀሩ ነቀፉት። አንድን ሕዝብ በጅምላ መፈረጅ ነው አሉ። እሱ የተናገረው ስለ ታሪክ የተወረሰ አስተሳሰብ እንጂ ስለ እያንዳንዱ ሰው እንዳልሆነ አስረዳ። በእኛ አስተያየት ነቀፌታውም ለመማር ይጠቅማል፤ ማንኛውንም ሕዝብ በአንድ ቃል የሚጠቀልል አነጋገር፣ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ ጥንቃቄ ይሻል።

ለእኛ የሚቀረው

እኛ መምህራን የዓለም ዋንጫ አናዘጋጅም። ነገር ግን በየቀኑ ቦታ እናድላለን። «ይህ ልጅ ለሒሳብ አልተፈጠረም»፣ «እሷ ዝምተኛ ናት፣ አትጠይቋት»፣ «የእነ እገሌ ልጅ መቼም ጠባዩ ነው» እንላለን። በክፍል ውስጥ የሚወጡ ቅጽል ስሞችን እየሰማን እንደ ጨዋታ እናልፋቸዋለን፤ አንዳንዴም አብረን እንስቃለን። ለሊሊያን የተሰጠው የላም ስምም ለሰጡት ልጆች ጨዋታ ነበር። እሱ ግን ከአርባ ዓመት በኋላም አልረሳውም።

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር እንድንሞክር እንመክራለን። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በየሳምንቱ የልጆቹን የጨዋታ ቦታ ያዘዋውር፤ አጥቂው ኋላ ይቁም፣ በረኛው ወደ ፊት ይውጣ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨዋታው ይበላሻል፤ ልጆቹም ያጉረመርማሉ። ነገር ግን ከእነዚያ «ኋላ ቁም» ከተባሉት መካከል ወደ ፊት የሚወጣ ይኖር እንደ ሆነ የሚታወቀው አንድ ጊዜ እንዲወጣ ሲፈቀድለት ብቻ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቀኝ ተመላላሽና የመሐል ተከላካይ ሥራ በምን በምን ይለያያል? ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ምን መማር ያስፈልጋል?

2. የ1998ቱን የዓለም ዋንጫ ያነሣው የፈረንሳይ ቡድን ከቅኝ ግዛት ታሪክ ጋር ያለውን ግንኙነት ግለጹ። ድሉ ዘረኝነትን ያላጠፋው ለምን ይመስላችኋል?

3. በክፍላችሁ ወይም በሰፈራችሁ ለአንድ ልጅ ወይም ለአንድ ወገን እንደ ተፈጥሮ የተሰጠ «ቦታ» አለ? መቼና በማን እንደ ተጀመረ ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።